ዓመፁን ማን ከፈለበት? ፓንክ በዘመናዊው የብሪታንያ ልቦለድ

በጥር 1977 (ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባዝኮክስ የተባለ የማንቸስተር የፓንክ ባንድ (ፓንክ በዚያ ሰሞን በብሪታንያ የፈነዳ፣ ጩኸትና እምቢታ የተሞላ የወጣቶች ሮክ ሙዚቃ ነው) አራት ዘፈኖች የያዘች ትንሽ ሸክላ አወጣ። ማሳተሚያው ከቤተሰብና ከወዳጅ የተገኘ 500 ፓውንድ ብድር ነበር። የሸክላዋ ሽፋን ከዘፈኖቹ ባልተናነሰ ይናገራል፤ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደ ተቀዳና ምን ድምፅ በላዩ እንደ ተደረበ ታትሞበታል። ሙዚቃ መሥራት የባለሙያዎችና የትልልቅ ኩባንያዎች ምሥጢር ተደርጎ በሚታይበት ጊዜ እነዚህ ወጣቶች ጓዳቸውን ከፍተው ለአላፊ አግዳሚው አሳዩ። በዚያው ሰሞን በእጅ ተዘጋጅታ የተባዛች አንዲት መጽሔትም ሦስት የጊታር አኮርዶችን በሥዕል አስቀምጣ አንባቢዋን "በል አሁን ባንድ መሥርት" አለችው።

የፓንክ ፍልስፍና ምንድን ነው ተብዬ ብጠየቅ ከተቀባው ፀጉርና ጉንጭ ላይ ከተሰካው መርፌ ቁልፍ አስቀድሜ የማነሣው ይህችን ሸክላ ነው። የፓንክ ቀዳሚ እምነት እዚያ ሽፋን ላይ አለ፦ ለመናገር የማንንም ፈቃድ አትጠብቅ። ችሎታህ እስኪሞላ፣ አዋቂ እስኪመርቅህ፣ ኩባንያ እስኪያስፈርምህ አትቀመጥ። ሁለተኛው እምነት መረር ያለ ነው፤ ትልልቆቹ "ነገ ይሻላል" ሲሉህ አትመናቸው ይላል። ሦስተኛው ከፓሪስ የመጣ ነው። ፈረንሳዊው ጊ ደቦር በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ዘመናዊው ኅብረተሰብ ሁሉንም ነገር ወደ ሸቀጥና ወደ ትዕይንት እንደሚለውጥ፣ ተቃውሞን እንኳ አሽጎ እንደሚሸጥ ጽፎ ነበር። የሴክስ ፒስትልስ ባንድ ሥራ አስኪያጅ ማልኮም ማክላረንና የባንዱን ሽፋኖች የነደፈው ጄሚ ሪድ በሥነ ጥበብ ተማሪነታቸው ዘመን ይህን ሐሳብ ቀስመውታል። ማክላረን ግን ከልብስ ነዳፊዋ ቪቪየን ዌስትውድ ጋር ለንደን ኪንግስ ሮድ ላይ የልብስ ሱቅ ነበረው። ዓመፅ ሸቀጥ ይሆናል የሚለው ማስጠንቀቂያ፣ የዓመፅ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ ወጣ ማለት ነው።

የብሪታንያ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች እጃቸውን ያስገቡት እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ወጣቱ ለምን ያምፃል ብለው ብዙ አልደከሙም፤ ምክንያቱ በየመንገዱ ይታያል። የእነርሱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዓመፁ የማን ነው? ሒሳቡ ሲመጣስ ማን ይከፍላል? ልቦለዶቹን በዚህ ጥያቄ ያነበባቸው ሰው አንዱን ከሌላው በቀላሉ ይለያል።

የዘመኑን መልክ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በ1975 የብሪታንያ የዋጋ ንረት ከ24 በመቶ በላይ ነበር። በ1976 መንግሥት ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.9 ቢሊዮን ዶላር ለመበደር ተገደደ፤ ሥራ አጡ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤት ለቆ አባቱ ወደ ሠራበት ፋብሪካ የሚገባው የሠራተኛ ልጅ ፋብሪካው ራሱ ሲዘጋ አየ። በ1977 የንግሥት ኤልሳቤጥ 25ኛ የንግሥና ዓመት በየሰፈሩ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሲከበር፣ ሴክስ ፒስትልስ የብሔራዊ መዝሙሩን ርእስ ይዘው የወደፊት ሕይወት የለም ብለው ዘፈኑ። ቢቢሲ ዘፈኑን አላስተላልፍም ብሎም በሽያጭ ሰንጠረዡ ላይ ሁለተኛ ሆነ።

ነገር ግን እምቢ ባዩ ልጅ በልቦለዱ ውስጥ ከፓንክ ሃያ ዓመት ገደማ ቀድሞ ተወልዷል። የአለን ሲሊቶ ስሚዝ በ1959 ነው የመጣው፤ የረጅም ርቀት ሯጩ ብቸኝነት በሚለው ታሪክ። ስሚዝ የኖቲንግሃም ልጅ ነው፤ አባቱ ፋብሪካ ውስጥ ሲደክም ኖሮ በጉሮሮ ካንሰር ሞቷል። ልጁ ከጓደኛው ጋር ዳቦ ቤት ሰብሮ ገንዘቡን በቤቱ ጓሮ በር አጠገብ ባለው የዝናብ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ይደብቃል። ፖሊሱ ደጋግሞ ይመጣል፣ ስሚዝ ደጋግሞ ይክዳል። አንድ ቀን ዝናብ እያወረደው ፖሊሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠይቀው፣ ውኃው ብሩን ከቱቦው እያጠበ በፖሊሱ እግር ሥር ያወርደዋል። ሲሊቶ ይህን ሲተርክ አይቸኩልም፤ ወረቀቱ አንድ በአንድ ብቅ ሲል ልጁ ወሬውን እያስረዘመ የፖሊሱን ዓይን ወደ ላይ ለማስቀረት የሚያደርገውን ጥረት አንባቢው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚከታተለው።

ስሚዝ የታዳጊዎች ማረሚያ ቤት ይገባል። አስተዳዳሪው ልጁ ሯጭ መሆኑን አይቶ ለዋንጫ ያዘጋጀዋል፤ ካሸነፍክልን ኑሮህ ይቀናል ይለዋል። በውድድሩ ቀን ስሚዝ ሁሉንም ጥሎ ይመጣና ከመጨረሻው ገመድ ጥቂት ሲቀረው ሩጫውን ይገታል። ከኋላው ያለው ተወዳዳሪ እስኪደርስና እስኪያልፈው በዓይኑ እያየ ይጠብቃል። ለዚህ እምቢታው ለስድስት ወር በከባድ ጉልበት ሥራ ይቀጣል፤ ቆሻሻ ይደፋል፣ ወለል ይፈትጋል። የሚደነቀው ነገር ቅጣቱን አስቀድሞ ማወቁ ነው። አስልቶ፣ ዋጋውን ቆርጦ፣ ከፍሎ ነው እምቢ ያለው። ጊታር ሳይነካ ከብዙ ባለ ጊታሮች ይልቅ የፓንክን መንፈስ የያዘው እርሱ ይመስለኛል።

ሦስት ዓመት ቆይቶ አንተኒ በርጀስ በ1962 ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ በተባለው ልቦለዱ ያመጣው አሌክስ ተቃራኒው ነው። አሌክስ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከመስኮብኛ ቃላት በተቀመመ የወጣቶች ቋንቋ ይተርካል፣ ቤትሆቨንን ያመልካል፣ ሰው ይደበድባል፣ ይደፍራል፣ ይገድላል። የአሌክስን ሒሳብ ሌሎች ናቸው የሚከፍሉት፤ ቤታቸው የተሰበረባቸው፣ አካላቸው የተጎዳ ሰዎች። በኋላ መንግሥት በመድኃኒትና በፊልም አእምሮውን ጠምዝዞ ክፋት ሲያስብ እንዲያቅለሸልሸው ሲያደርግ ግን ጥያቄው ይገለበጣል፤ ክፉ መሆን የማይችል ሰው ደግ ሊባል ይችላልን? በርጀስ መጽሐፉን በ21 ምዕራፍ ነው የጻፈው። በመጨረሻው ምዕራፍ አሌክስ አሥራ ስምንት ሞልቶት ዱላው ይሰለቸዋል፣ ልጅ መውለድ ያምረዋል። አሜሪካ የታተመው ይህን ምዕራፍ ቆርጦ ጣለው፤ ስታንሊ ኩብሪክ በ1971 ፊልሙን የሠራውም ያለ ምዕራፉ ነው። ወጣቱ ያየውና ወደ ልብሱ ያመጣው ያልበሰለውን አሌክስ ነው። ፊልሙ በ1973 በኩብሪክ ፍላጎት ከብሪታንያ ሲኒማ ቤቶች ተነሣና እርሱ በሕይወት እስካለ ድረስ አልተመለሰም፤ ለብዙ የፓንክ ወጣቶች ሊታይ ባለመቻሉ ብቻ አፈ ታሪክ ሆነ።

ፓንክ በፈነዳበት ጊዜ ልቦለዱ የት ነበር? ባዶ እጁን ነበር ማለት ይቻላል። በ1970 ስለ ዱላኛ ጎረምሶች ርካሽ መጽሐፍ አውጥቶ የተቸበቸበለት፣ ሪቻርድ አለን በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ ሰው ስለ ፓንክም ጻፈ፤ ጥላቻን ለልጆች እያሻሻጠ የሚኖር ብዕር ስለነበረ ከዚህ በላይ ቦታ አልሰጠውም። በ1977 ጊዲየን ሳምስ የተባለ የለንደን ልጅ ደግሞ በአሥራ አራት ዓመቱ ለትምህርት ቤት የጻፈው ታሪክ በመጽሐፍ ታተመለት፤ አንድ የፓንክ ልጅ ከባላንጣ ቡድን ወገን የሆነች ልጅ ይወድዳል። እንደ ሥነ ጽሑፍ ጥሬ ነው። ሆኖም ማንንም ሳይጠይቅ የጻፈ ልጅ በመሆኑ ከሪቻርድ አለን ይልቅ ለፓንክ ይቀርባል።

ጥሩው ልቦለድ የመጣው ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ አራት ዓመት ዘግይቶ ነው። ዘፈን በአንድ ማታ ይሠራል፤ ልቦለድ ጊዜ፣ ጸጥታና የአሳታሚ በር ይፈልጋል፤ በ1977 የአሥራ ስድስት ዓመት የሠራተኛ ልጅ ሦስቱም አልነበሩትም። መዘግየቱ ግን ጠቀመ። ጸሐፊዎቹ ሲመለሱ ከጓደኞቻቸው መካከል ማን እንደ በለጸገ፣ ማን እንደ ሞተ አውቀዋል።

ከእነዚህ ሁሉ የምመርጠው የሐኒፍ ኩሬይሺን የ1990 ልቦለድ ነው፤ የከተማ ዳርቻው ቡድሃ የሚለውን። ካሪም አሚር አባቱ ከሕንድ፣ እናቱ እንግሊዛዊት የሆነች የደቡብ ለንደን ዳርቻ ልጅ ነው። ቻርሊ ደግሞ የካሪም አባት ወዳጅ የሆነችው የኢቫ ልጅ፤ መልከ መልካም፣ ዝና የጠማው፣ ገና ያልቀናው ዘፋኝ። አንድ ማታ ሁለቱ ምዕራብ ለንደን ወደሚገኝ አንድ መጠጥ ቤት ይገባሉ። ክፍሉ እነርሱ አይተውት በማያውቁት ዓይነት ልጆች ተሞልቷል፤ የተቀደደ ልብስ፣ የቆመ ፀጉር፣ የተሰካ መርፌ ቁልፍ። ባንዱ ወጥቶ ተመልካቹን ይሳደባል፣ ተመልካቹ ይተፋበታል፤ ሙዚቃው ጩኸት ነው። ቻርሊ እንደ ተገለጠለት ሰው ነፍሱ ተነክቶ ይወጣል፤ እነዚህ ናቸው መጪው ዘመን ይላል። ካሪም መልሶ እኛ ልንከተላቸው አንችልም ይለዋል። እኛ እንደ እነርሱ አንጠላም፤ የምንጠላበት ምክንያት የለንም፤ በመንግሥት የኪራይ ሕንጻዎች አላደግንም፤ እነርሱ ያዩትን አላየንም። ቻርሊ ይቆጣል። አንተ የትም አትደርስም ብሎት ልጆቹን ተከትሎ ይሮጣል።

ስለ ፓንክ ከተጻፉት ሁሉ ይህ አጭር ንግግር እውነተኛውን ጥያቄ የያዘ ይመስለኛል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ካሪም ቁጣ ከኑሮ ካልመጣ ቅጂ ነው ማለቱ እውነት ነው። ግን ቻርሊም እንደ ተመኘው ይሆናል። ስሙን ለውጦ ኮከብ ይሆናል፤ የማይጠላውን እየጠላ ይዘፍናል፤ በመጨረሻ ኒው ዮርክ ላይ ካሪም ሲያገኘው የለንደን ሠራተኞችን አነጋገር ይዞ እንግሊዛዊነትን እየቸበቸበ ነው። ካሪም የሚያስታውሰው ግን በትምህርት ቤት አነጋገሩ የጌታ ልጅ ነው ተብሎ ሲሾፍበት ያለቀሰውን ቻርሊ ነው። የድኾችን ቁጣ ተውሶ ብድሩን ያልመለሰ ሰው ነው። ኩሬይሺ ራሱ የብሮምሊ ልጅ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የሴክስ ፒስትልስ ተከታዮች አንዱ ቡድን የወጣው ከዚያ ሰፈር ነበርና የሚጽፈውን ያውቀዋል።

በዚያው ልቦለድ ውስጥ ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ቻንጌዝ ከሕንድ ለጋብቻ የመጣ፣ ሰነፍና ደግ፣ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ነው። በባቡር ድልድይ ሥር ናሽናል ፍሮንት የተባለው ስደተኛ ጠል ፓርቲ ደጋፊዎች ፓኪስታናዊ ነው ብለው ይይዙትና የድርጅታቸውን መነሻ ፊደላት በሆዱ ላይ በምላጭ ይቀርጹበታል። ይህን ከእውነተኛው የፓንክ ታሪክ ጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያዎቹ ፓንኮች መካከል ሲድ ቪሸስና ሱዚ ሱን የመሳሰሉት አዋቂዎችን ለማስደንገጥ ብቻ የናዚ ስዋስቲካ ለብሰው ይታዩ ነበር። ለነጭ ወጣት ምልክቱ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ማታ ሲገባ አውልቆ ያስቀምጠዋል። ቻንጌዝ ሆዱ ላይ ያለውን አያወልቀውም። "እኛ ማንንም አናከብርም" የሚለው የፓንክ አባባል ጉድለቱ የታየው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉን እኩል የሚያስደነግጥ ነገር ሁሉን እኩል አይጎዳም።

በእርግጥ ፓንክ ራሱ ይህን ለማረም ተነሥቷል። በ1976 በበርሚንግሃም መድረክ ታዋቂው የጊታር ተጫዋች ኤሪክ ክላፕተን ስደተኞችን የሚያወግዝ ንግግር ካሰማ በኋላ ሮክ ጸረ ዘረኝነት የተባለው እንቅስቃሴ ተመሠረተ፤ በሚያዝያ 30 ቀን 1978 ምሥራቅ ለንደን ቪክቶሪያ ፓርክ ላይ ፓንክና ሬጌ ባንዶች በአንድ መድረክ ለብዙ አሥር ሺህ ሕዝብ ተጫወቱ። የሬጌው ነገር ለእኛ አንባቢ የተለየ ትርጉም አለው። በለንደን ሮክሲ የምሽት ክበብ ሸክላ የሚያጫውተው የጃማይካውያን ልጅ ዶን ሌትስ፣ ገና የፓንክ ሸክላ እምብዛም ስላልነበረ በባንዶቹ መካከል ሬጌ ያጫውት ነበር። ፀጉራቸውን ያቆሙ የእንግሊዝ ልጆች ስለ ጽዮን፣ ስለ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴና ስለ ባቢሎን የሚዘምር ሙዚቃ እየሰሙ አደጉ ማለት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ ገና ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ክላሽ የተባለው ባንድ በ1977 በመጀመሪያ አልበሙ ላይ የሬጌ ዘፈን ጨመረ፤ ቦብ ማርሊም በዚያው ዓመት ለንደን ሆኖ ስለ ሁለቱ ወገኖች መገናኘት ዘፈነ። የፓንክ ልጆች ከራስ ተፈሪያውያን የወሰዱት ባቢሎን የሚለውን ሐሳብ ነው፤ ጨቋኙ አንድ ክፉ ሰው ሳይሆን መላው ሥርዓት ነው የሚለውን። ስለዚህ መገናኘት ልቦለዱ ሊጽፍ ከሚችለው እጅግ ያነሰ ነው የጻፈው።

ጆናታን ኮ በ2001 ባወጣው፣ ዘ ሮተርስ ክለብ በተባለው የበርሚንግሃም ልቦለዱ ነገሩን ቀለል አድርጎ ያሳየዋል፤ አንድ ተማሪ ስለ አስማተኞችና ስለ ዓለማት አፈጣጠር ረጅም የሮክ ድርሰት ጽፎ ባንዱን ሲያለማምድ፣ ጓደኞቹ በመካከሉ ይሰለቻቸውና ድርሰቱን ጥለው ፓንክ መምታት ይጀምራሉ። የፈጠራ ባለቤት ነኝ ባዩ ልጅ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ያሥቃል፣ ያምራል፣ ግን ማንም ብዙ አይከፍልም፤ የጥሩ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው።

ጆን ኪንግ ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ይከተላል። ሂዩማን ፓንክ የተባለው የ2000 ልቦለዱ የሚጀምረው በ1977 ስላው ውስጥ ነው፤ ከለንደን ምዕራብ ያለች፣ ፋብሪካና መጋዘን የበዛባት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው የማትርቅ ከተማ። ተራኪው ጆ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ጓደኛው ስማይልስ ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ልጅ ነው። አንድ ማታ ጎረምሶች ሁለቱን ይደበድቡና ወደ ቦዩ ይወረውሯቸዋል። ጆ ይወጣል፤ ስማይልስም ከውኃው ይወጣል፣ ከአእምሮው ግን የሆነ ነገር እዚያው ይቀራል። በሁለተኛው ክፍል፣ በ1988፣ ጆ ከቻይና በሳይቤሪያ አቋርጦ በሚያልፈው ባቡር ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ስማይልስ ራሱን ማጥፋቱን ሰምቷል። ዘፈኖቹ አብረውት ይጓዛሉ። ኪንግ ፓንክ የኪንግስ ሮድ ሱቅና የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ፈጠራ ነው የሚለውን ወሬ አይቀበልም፤ ለእርሱ ፓንክ በእነዚህ ስማቸው በማይነሣ ከተሞች ያደጉ ልጆች ቋንቋ ነው። ለማን እንደሚወግን ግልጽ ነው፤ እኔም እወግንለታለሁ።

ከዚያ በፊት በስኮትላንዷ ኤደንብራ ውስጥ ሌላ ነገር ተከሥቷል። ኧርቪን ዌልሽ በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ በፓንክ ባንዶች ተጫውቷል። ቀዳሚ ጽሑፎቹን ካወጡለት አንዱ ረበል ኢንክ የተባለ፣ በ1992 የተጀመረ ትንሽ መጽሔት ነው፤ አሠራሩ የ1977ቱን በእጅ የሚባዙ መጽሔቶች መንገድ የተከተለ። ዌልሽ በ1993 ያወጣው ትሬንስፖቲንግ የተባለው ልቦለድ ሊዝ በሚባለው የኤደንብራ ሰፈር አነጋገር ነው የተጻፈው፤ ሬንተንና ጓደኞቹ ሄሮይን የሚወጉ ሥራ አጥ ወጣቶች ናቸው። በማርጋሬት ታቸር ዘመን፣ በጥር 1982፣ ሥራ አጡ ሦስት ሚሊዮን አልፎ ነበር፤ በኤደንብራም መርፌ በመጋራት ኤች አይ ቪ በፍጥነት ተዛመተ። ሬንተን የቤት ዕዳን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንን፣ መኪናን የያዘውን ሕይወት አልመርጥም ይላል። ያ ንግግር በ1996 ከወጣው ፊልም በኋላ የብዙ ወጣት መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ በፖስተር ተለጠፈ፤ ደቦር እንዳስጠነቀቀው ማለት ነው። መጽሐፉን ያነበበ ግን እምቢታው ወዴት እንዳደረሳቸው ያውቃል። ቶሚ በቫይረሱ ይያዛል፤ ሬንተን በመጨረሻ የጓደኞቹን ገንዘብ ሰርቆ ወደ አምስተርዳም ይኮበልላል።

የዌልሽ ትልቁ ድፍረት ግን ከአደንዛዥ ዕፁ ይልቅ ትረካውን በሰፈሩ አነጋገር መጻፉ ነው። በብሪታንያ ልቦለድ ልማድ የድኻ ሰው አነጋገር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተራኪው ከላይ ሆኖ በተማረ ቋንቋ ያስረዳል። የግላስጎው ጄምስ ኬልማን ይህን ግድግዳ ከዌልሽ ቀድሞ አፍርሷል። በ1994 ቡከር የተባለውን ታላቅ የልቦለድ ሽልማት ሲያሸንፍ ከዳኞቹ አንዷ ውሳኔውን በአደባባይ ተቃወሙ፤ ጋዜጦች መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን የስድብ ቃላት ቆጠሩ። ኬልማን በሽልማቱ ንግግሩ ባህሌና ቋንቋዬ የመኖር መብት አላቸው አለ። ኬልማን ፓንክ አይደለም፤ ከእነርሱ ይበልጣል በዕድሜም። ሆኖም ያ ንግግርና የ1977ቷ ሸክላ ሽፋን የሚሉት አንድ ነው፤ በራሴ አፍ ለመናገር ፈቃድ አልጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ስሚዝ፣ አሌክስ፣ ካሪም፣ ቻርሊ፣ ጆ፣ ሬንተን፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ፓንክ ግን በሙዚቃው ውስጥ ለሴቶች ከዚያ በፊት ያልነበረ ቦታ የከፈተ እንቅስቃሴ ነበር። ስሊትስ የተባሉት ሴቶች ገና በቅጡ መጫወት ሳይችሉ ከክላሽ ጋር አገር ዞሩ። ፖሊ ስታይሪን የሱማሌ አባትና የብሪታንያዊት እናት ልጅ ነበረች፤ ጥርሷ ላይ ሽቦ አስራ፣ የፕላስቲክ ልብስ ለብሳ፣ በ1977 ሴትን ስለሚያስር ገበያ ጮኻ ዘፈነች። እንዲህ ያለችው ልጅ በአውቶቡስ ወደ ቤቷ ስትመለስ ምን እንደ ተባለች፣ እናቷ በር ስትከፍትላት ምን እንዳለቻት፣ ባንዱ ሲበተን በምን እንደ ኖረች የሚናገር ታላቅ ልቦለድ እስካሁን አላገኘሁም። ሴቶቹ ትዝታቸውን ራሳቸው መጻፍ ነበረባቸው፤ የስሊትሷ ጊታር ተጫዋች ቪቭ አልበርቲን በ2014 ያወጣችው የሕይወት ታሪክ ከላይ ከጠቀስኋቸው ልቦለዶች ከአብዛኞቹ የበለጠ ደፋር ነው፤ ስለ ዓመፁ ብቻ ሳይሆን ከዓመፁ በኋላ ስለ መጡት ጋብቻ፣ ሕመምና ዳግም ጊታር ማንሣትም ይናገራልና።